ወንፈል ከጥቁር ተኩላ ጋር

የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ቁም ነገረኛ አድርጎ ያየኛል። ንፋስ መውጫ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ኮቴን በበጋም አላወልቅም፤ ባጃጅ ውስጥ እንኳ ቀጥ ብዬ ነው የምቀመጠው። እንግዲህ ይህ ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው የአንድ ግንብ ጌታ፣ የአራት መቶ ቀስተኞች አዛዥና የሁለት ዘንዶዎች አሳዳጊ ነበረ ብላችሁ ማን ያምናችኋል? እኔ ራሴ አንዳንድ ጊዜ አላምንም።

ነገሩ የጀመረው በበጎ ሥራ ነው። የትምህርት ቤታችን የሥነ ምግባር ክበብ ሰብሳቢ ስለሆንኩ ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና "ልጆቹ በስልክ ጌም አለቁ፤ እስቲ አንድ ነገር ጻፍና ይለጠፍ" አለኝ። ጻፍኩ። "ከጌም ሱስ መውጫ ሰባት መንገዶች" የሚል፣ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ወረቀት ዛሬም ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አለ። ችግሩ፣ ሳላየው የጻፍኩት ነገር አላጠግብ አለኝ። በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አለ እንዴ? አልኩና ለጥናት ያህል፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ተማሪዎቹ ከሚጫወቱት አንዱን ስልኬ ላይ ጫንኩ።

ያ አንድ ቀን ዘጠኝ ወር ፈጀ። በዘጠኝ ወር ሌላው ሰው ልጅ ይወልዳል።

ጨዋታው ቀላል ነው። ባዶ መሬት ይሰጥሃል፤ ታጥራለህ፣ ትገነባለህ፣ ወታደር ታሠለጥናለህ። በሦስተኛው ቀን ስለ ስምጥ ሸለቆ ሳስተምር ውዬ ስመለስ ግንቤ ፈርሶ ጠበቀኝ። አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ አቃጥሎልኝ ሄዷል። አንጀቴ ቆስሎ ዋለ። የእውነቱ ቤታችን ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ እንኳ እንዲህ አላዘንኩም፤ ባለቤቴ ይታይሽ ይህንን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ሰዎች መጡ። ሃያ አራት ሰዎች፣ ማንም ሳይጠራቸው! አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ብረት እየላከ ግንቤን በአንድ ከሰዓት በኋላ መልሰው አቆሙት። የአለቃቸው ስም ዳርክ ዎልፍ ነው፤ ጥቁር ተኩላ ማለት ነው። ምክትሉ ኪንግ ሳንደር ይባላል፤ ንጉሥ ነጎድጓድ። አንዱ ደግሞ ምን አግኝቶት እንደሆነ እንጃ፣ ለራሱ ሳድ ፖቴቶ፣ ያዘነ ድንች የሚል ስም አውጥቷል። ከየት ከየት አገር እንደሆኑ አላውቅም። ብቻ ሰላምታ ሲለዋወጡ አንዱ እንደምን አደራችሁ ይላል፣ ሌላው እንደምን አመሻችሁ ይላል። ምድር ክብ መሆኗን አሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ያመንኩት ግን ያን ቀን ነው።

ያጠፋኝ እንግዲህ የጋይንት ሰው መሆኔ ነው። ሌላ አገር ያደገ ሰው "ተባረኩ" ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ያደግሁት በወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፤ የሚጻፍ ነገር የለም፣ የሚረሳም የለም። ወንፈል በልቶ የቀረ ሰው ሰርግ ቢደግስ እድምተኛ አያገኝም፣ ቢሞትም ቀባሪው ይሳሳበታል። ስለዚህ "ሃያ አራት ሰው ውሎልኛል፤ ሃያ አራት ቀን አለብኝ" አልኩ። መክፈል ጀመርኩ። እኔ አንዱን አንድ ጊዜ ስረዳው እነሱ ሁለት ጊዜ ይረዱኛል፤ እየከፈሉት የሚበዛ ወንፈል ሆነብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ትልቁ ጦርነት አለ። ያን ጊዜ የቀረ ሰው ጎኑን ክፍት ትቶ ወገኑን ያስመታል። ስንት ሰርግና ስንት ለቅሶ ስድስት ሰዓት ላይ ጥዬ እንደወጣሁ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

ለመተው አልሞከረም እንዳትሉኝ። የራሴን ሰባት መንገዶች አንድ በአንድ ሄጄባቸዋለሁ። አንደኛው "ጌሙን ከስልክዎ ያጥፉ" ይላል። አጠፋሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ከዚያ ያዘነው ድንች ብቻውን ግንቡ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ሲያይ ታየኝና መልሼ ጫንኩት። ሌላው "ስልክዎን ለሚያምኑት ሰው ይስጡ" ይላል። ለይታይሽ ሰጠኋት። የት እንደደበቀችው ስጠረጥር ዋልኩና፣ በተጋባን በአሥራ አንድ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "ዛሬ ሽሮውን እኔ ልሥራ፤ አንቺ እረፊ" አልኳት። ሴትዮዋ በደስታ አለቀሰች። ጥቂት ቆይቶ ከሽሮ ዕቃው ውስጥ የጦር መለከት ተነፋ። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው በሌላ ምክንያት ነው። "በምትኩ የእግር ጉዞ ያድርጉ" የሚልም አለ። ተጓዝኩ፤ ኔትወርኩ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ኮረብታ ላይ መሆኑን የደረስኩበት በእግር ጉዞዬ ነው። የቀሩትን አልነግራችሁም። ያን ወረቀት የጻፈው ሰውዬ ጌም ተጫውቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ አባባ ልውሰዳችሁ። አባቴ የሚኖሩት ከንፋስ መውጫ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ጉልበታቸውን ይታመማሉ፤ ገብስ ሳይዘሩ የቀሩበት ዓመት ግን የለም። ለአጨዳ መጎንበስ ስለማይችሉ ኅዳር ሲገባ በእሳቸው ስም ወንፈል የምገባው እኔ ነኝ። ለጎረቤቶቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ አጭዳለሁ፤ ተራቸው ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ለአባባ ይመጣል። የዓመት ቀለባቸው ያለው በዚያች አንድ ቀን ላይ ነው።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ተራ የአያ ካሴ ነበር፤ ሁለተኛው የአባባ። አያ ካሴ የአባባ የአጥር ጎረቤት ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም። በማለዳ ማጭዳችንን ይዘን ተሰለፍን። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ድረስ የሰው ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጦርነቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ወዲህ አያ ካሴ፣ ወዲያ ጥቁር ተኩላ፤ ሁለቱም ወንፈል ናቸው። ሰው እንዴት ባንድ ቀን ሁለት ማሳ ላይ ይውላል?

"አያ ካሴ፣ ሆዴን ቆረጠኝ" አልኩ።

"በል ሂድ ከጉብታው ጀርባ። ፌጦ በጥብጬ ልላክልህ?"

"ግድ የለም፣ ያልፋል።"

አለፈ፤ ሦስት ሰዓት ግን ፈጀበት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው አናት ላይ ወጥቼ ነበር። የዚያን ዕለት የመሰለ ጦርነት አላየሁም። ንጉሥ ነጎድጓድ ቆሰለ፤ ጥቁር ተኩላ በቀኝ ተከበበ፤ ያዘነው ድንች የሰሜኑን በር ብቻውን ያዘ። እኔ ሰማዩን ቀና ብዬ አላየሁም። የደመና ዓይነቶችን ከነስማቸው የማስተምር ሰው ነኝ እኮ! ከጉና ተራራ በኩል የተነሣው ጥቁር ደመና ራሴ ላይ ሲደርስ "በግራ ግቡ! ቀስተኞቹን ልቀቁ! አይዞህ ድንች!" እያልኩ እጮህ ነበር። ዝናቡ ወረደ። ታች ማሳው ላይ ሰው ሁሉ ነዶ ተሸክሞ ይሮጣል። የእኔ ድርሻ የነበረው ጥግ፣ ያጨድኩት እንደተበተነ፣ ያላጨድኩት እንደቆመ፣ ዝናቡ መታው።

አያ ካሴ "ታሞ ወድቆ ይሆናል" ብለው ፌጦውን በብርጭቆ እንደያዙ ሊፈልጉኝ ወጡ። ያገኙት ግን ኮቱን ራሱ ላይ የደፋ አስተማሪ በዝናብ መካከል ድንጋይ ላይ ቆሞ ድንች ሲያጽናና ነው።

"በስመ አብ!" አሉና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

"አሸነፍን" አልኳቸው።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አያ ካሴ ወደ አባባ ቤት መጡ። እኔና ይታይሽም እዚያው ነበርን። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ልጅዎ ግማሽ ቀን ነው የዋለልኝ፤ ነዶዬንም አስመታብኝ" አሉ። "የመጪው ቅዳሜ የእርስዎ ነው። እኔ ለእርስዎ ስል እመጣለሁ። ሌላው ሰው ግን 'ዛሬ ብናጭድላቸው ነገ ለእኛ ማን ሊውልልን ነው? ልጁ እንደሆነ ጉብታ ላይ ነው' እያለ ነው። የሚመጣ አይመስለኝም።"

አባባ በበሩ ወደ ማሳቸው ተመለከቱ። ገብሱ ደርቆ ዘንበል ብሏል። አንድ ሳምንት ቢቆይ ይረግፋል፤ ዝናብ ቢደግመው ደግሞ ያበቃለታል። አያ ካሴ ሲወጡ አባባ "ቁጭ በል" አሉኝ።

"መጠጥ ነው?"

"አይደለም።"

"ውሽማ ይዘሃል?"

"ኧረ አባባ!" አልኩ። ይታይሽ ቀና አለች። "ጨዋታ ነው። የስልክ ጨዋታ።"

ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ ስለ ግንቡ፣ ስለ ቃጠሎው፣ ሰው ሳይጠራቸው ስለመጡት ሰዎች። ይስቁብኛል ወይም ጠበል ይወስዱኛል ብዬ ስጠብቅ አባባ አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ስንት ሰው ናቸው?"

"ሃያ አራት።"

"ስንት ጊዜ ዋሉልህ?"

"እንጃ፣ ብዙ ነው።"

"ምን አበላሃቸው?"

"ምንም።"

"ጠላስ?"

"ምንም አባባ።"

አባባ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። የገብሳቸውን ነገር ሰምተው ያልደነገጡ ሰው አሁን ደነገጡ። "ሃያ አራት ሰው ዘጠኝ ወር ሲውልልህ ባዶ ሆዱን ነው የሸኘኸው? የማን ልጅ ነው ይሉሃል?"

"አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ግንቡ የለም።"

"ሰዎቹስ የሉም?"

"ሰዎቹ አሉ።"

"እንግዲያማ ወንፈል ነው" አሉ፣ ቁርጥ አድርገው።

ደነገጥኩ፤ ቀጥሎም ደስ አለኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም ያልገባውን ነገር፣ ይታይሽ እብደት፣ እኔም በወረቀቴ ሱስ ያልኩትን ነገር፣ ስልክ መደወልና ማንሣት ብቻ የሚያውቁ ሽማግሌ ባንዴ ስሙን ጠሩት።

"እተወዋለሁ" አልኩ።

"ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተውከው?"

"አራት አምስት ጊዜ።"

"ስትተው ምን ብለሃቸው ሄድክ?"

"ምንም። ዝም ብዬ ጠፋሁ።"

"እሱ ነዋ! እንደ ሌባ ጠፍተህ እንዴት ልብህ ይረፍ? ወንፈል በመጥፋት አይፈርስም። አመስግነህ፣ ምክንያትህን ተናግረህ፣ ልቀቁኝ ብለህ ነው የምትወጣው። ተነሥ፤ የት ነው የሚሰሙህ?"

"ኢንተርኔት የሚሠራው ጉብታው ላይ ነው።"

አባባ ያን የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ጉብታውን ወጡት። "እርስዎ ይቅሩ" ብላቸው "እኔ ካልቆምኩብህ አትጨርሰውም" አሉ። ያን ሳይ አፈርኩ፤ ከፊታቸው ቀድሜ መሄድ እንኳ አቃተኝ። ላይ ደርሰን ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ያስጽፉኝ ጀመር።

"ለጥቁር ተኩላ፣ ጤና ይስጥልን በል። ከብቶቹ እንዴት ከረሙ በል።"

"አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ከብት የላቸውም።"

"ጠይቀሃቸዋል?"

አልጠየቅሁም። ዘጠኝ ወር አብሬያቸው ስዋጋ እውነተኛ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። በምችላት እንግሊዝኛ ጻፍኩ። "የልጁ አባት ነኝ። ስለዋላችሁለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳያበላችሁ ቀርቷልና ስለ እሱ እኔ አፍሬያለሁ። ጉልበቴ ታሟል፤ ገብሴን የሚያጭድልኝ እሱ ብቻ ነው። እባካችሁ ልቀቁልኝ።"

መልስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እዚያ ከሰላምታ በቀር የሚጻፈው "አጥቁ" እና "አፈግፍጉ" ብቻ ነው። አባባ ግን መልስ ሳይሰሙ አልወርድም አሉ። ጥቂት እንደቆየን ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ጥቁር ተኩላ ነው። እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።

"ከብቶቹ ደህና ናቸው። ስምንት ናቸው። አንዷ ትናንት ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግን ጡት አልይዝ ብላ ደክማለች። ስለ ከብቶቼ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አባትህን ሰላም በልልኝ። በል ሂድ፣ ገብሱን እጨድላቸው።"

እኔ ይህንን ሰው ጥቁር የብረት ጥሩር ለብሶ በነበልባል መካከል የሚኖር አድርጌ ነበር የማስበው፤ ለካ በረት ውስጥ ቆሞ ነው ያዋጋን የነበረው። ከሥር ንጉሥ ነጎድጓድ "ጉልበት በሞቀ ጨው ይታሻል" ብሎ ጻፈ። ያዘነው ድንችም አልቀረም። "ከብት የለኝም" አለ። "ድመት አለችኝ። ደህና ናት።"

አባባ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነው። "ጡት አልያዘችም?" አሉ። "ጣቱን ወተት ነክሮ ያጥባት በለው። ምላሷ ሲለምድ ቀስ አድርጎ ወደ ጡቱ ያቅርባት።"

ጻፍኩለት። "ዛሬውኑ እሞክራለሁ" አለ። ከዚያ አባባ እያዩኝ ሁሉንም ተሰናብቼ ጌሙን አጠፋሁት።

ከጉብታው እንደወረድን በቀጥታ አያ ካሴ ደጅ ቆምን። የሆድ ቁርጠቱ ውሸት እንደነበር ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አያ ካሴ "ዋስ ጥራ" አሉ። ተከትላን የመጣችውን ይታይሽን ዞር ብዬ አየኋት።

"እኔን እንዳታየኝ" አለች። "እኔ የሽሮ ዕቃውን ነገር አልረሳሁም።"

"እኔ ዋሱ ነኝ" አሉ አባባ። "ከእንግዲህ ያን ነገር ቢነካ፣ በእሱ ፈንታ ያንተ ማሳ ላይ እኔ ጎንበስ ብዬ አጭዳለሁ።"

አያ ካሴ የአባባን ጉልበት አዩ፤ እኔም አየሁ። ስልክ በቁጥር ይቆለፋል ይባላል፤ የእኔ በአባቴ ጉልበት ተቆለፈ። ወረቀቴ ላይ ይህ መንገድ አልነበረም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሌሊቱ ነግቶ ማሳው ዳር ስንቆም ጉም ነው እንጂ ሰው የለም። አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው መንገዱን ያያሉ። በኋላ ከጉሙ ውስጥ የአያ ካሴ ረጅም ድምፅ መጣ፤ የድምፁም ባለቤት ተከትለው ወጡ፤ ከኋላቸው አንድ ሰው፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አሥራ ዘጠኝ ሰው! አያ ካሴ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ለቤት ዞረው "እውነቱን ተናግሯል፤ አባቱም ዋስ ሆነውታል" ሲሉ ከርመዋል። ያን ቀን ያየሁትን ሰልፍ በምን አፌ ልንገራችሁ። ማጭዱ ባንድ ላይ ሲወድቅ፣ ዘፈኑ ሲቀባበል፣ ነዶው ከኋላ ሲደረደር፣ ሁለት ዘንዶ ያሳደግሁት ሰው እንደ ሕፃን ፈዝዤ አየሁ። ስድስት ሰዓት መቼ እንዳለፈ አላወቅሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብሱ ተከመረ።

ምሳ ቀረበ። ሽሮውን ሌሊት ተነሥቼ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዕቃው ውስጥ ከሽሮ በቀር ምንም አልነበረም። አባባ ለመመረቅ ተነሡ። ያጨደውን ሁሉ በየስሙ መረቁና ወደ እኔ ዞሩ። "የእነዚያን ስም አስታውሰኝ።" በጆሯቸው ነገርኳቸው።

"ጥቁር ተኩላን ከነከብቶቹ ይባርክልን!" አሉ ጮክ ብለው።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ተኩላን ከነከብቶቹ የመረቀ ሽማግሌ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ቢሆንም "አሜን" አለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

"ለንጉሥ ነጎድጓድ ዕድሜ ይስጥልን!"

"እሱ እንኳ ዘንድሮ ይለፈን" አለ አንዱ፣ ወደ ሰማይ እያየ።

"ያዘነውን ድንች ያጽናናልን!"

አያ ካሴ ጠላው ትን አላቸው። አሜኑ ግን ከሁሉ ይልቅ ለድንቹ ደመቀ። ከዚያ አባባ ለብቻ የተቀመጠ አንድ ሌማት አስመጡ፤ ሃያ አራት እንጀራ ነው። "ይህ የእነሱ ነው። ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን ይሰጥልኝ። በል፣ አሁን የማንም ዕዳ የለብህም" አሉኝ። ሌማቱን ተቀበልኳቸው።

ከተውኩት ይኸው ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲል አውራ ጣቴ አሁንም ብቻውን ይነሣል። ልክ በዚያ ሰዓት ግን አባባ ይደውላሉ፤ አንድ ቅዳሜ ዘለው አያውቁም። ባለፈው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ስልኩን አልዘጉም።

"ያች ጥጃ ምን ሆነች ይሆን?" አሉኝ።

"አላውቅም አባባ። ትቸዋለሁ እኮ።"

"ደግ አደረግህ።" አሁንም አልዘጉም። "ለአንድ አፍታ ገብተህ ጠባች ወይ ብቻ ብለህ ብትወጣስ?"

ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ኔትወርኩ አለ፣ ፈቃዱ ከራሳቸው ከዋሴ መጣ። ከዚያ ያ ጉልበት አያ ካሴ ማሳ ላይ ሲንበረከክ ታየኝ።

"አይሆንም አባባ" አልኩ። "እርስዎን አሳጭጄ ጥጃ አልጠይቅም።"

ወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ሲፈትኑኝ ይሁን የጥጃዋ ነገር እውነት አሳስቧቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። "እግዜር ያሳድጋት እንግዲህ" አሉና ዘጉት።